መለኪያው 340 ሲል፦ የቤት ውስጥ ተክል ውኃ አመራመር

ጥያቄ፦ «ቃሊቲ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣ በሮቶ አጠራቅመን ነው የምንጠቀመው። የድራሲናዬና የስፓይደር ፕላንቴ ቅጠል ጫፉ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። ፒስ ሊሊው ደግሞ አዲስ የሚያወጣው ቅጠል ቢጫ ነው። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል። የቲዲኤስ (በውኃ ውስጥ የሟሟ ነገር መጠን) መለኪያ ገዝቼ ስለካው 340 አለኝ፣ በወረቀት የለካሁት ፒኤች ደግሞ 8 አካባቢ ነው። ክሎሪኑ ይሆናል ብዬ እያፈላሁ ባጠጣም ለውጥ የለም። 340 ብዙ ነው? ማጣሪያ ልግዛ?»

መልስ፦ ማጣሪያውን ለጊዜው ይተዉት። 340 ብቻውን የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። ያ መለኪያ ጨውን አይመዝንም፤ የሚለካው ውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው፣ ከዚያ በ0.5 ወይም በ0.7 አባዝቶ በፒፒኤም፣ ማለትም በሚሊግራም በሊትር፣ ያሳያል። የእርስዎ በ0.5 የሚያባዛ ከሆነ 340 ማለት 0.68 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ነው። በ0.7 የሚያባዛ ከሆነ ደግሞ 0.49 ገደማ። ከ0.75 በታች የሆነ ውኃ አብዛኛው የቤት ውስጥ ተክል ይችለዋል። ማባዣው ብዙ ጊዜ በመመሪያው ላይ ይጻፋል። ኢሲ፣ ማለትም ያንኑ የማስተላለፍ አቅም በቀጥታ፣ የሚያሳይ ቁልፍ ካለው ግን በዚያ ማንበብ ይሻላል፤ ያኔ የማባዣው ነገር አያሳስብዎትም።

ቁጥሩ የማይነግርዎ ነገር ውኃው ውስጥ የሟሟው ምን እንደሆነ ነው። 340 የካልሲየም ቢካርቦኔትና 340 የሶዲየም ቢካርቦኔት መለኪያው ላይ አንድ ናቸው፤ ፖት ውስጥ ግን ሥራቸው የተለያየ ነው። በተጨማሪም የለኩት የሚገባውን ውኃ ነው። ሥሩ ያለው ግን ከወራት ጀምሮ ፖቱ ውስጥ በተጠራቀመው ውስጥ ነው።

ክሎሪኑን ከጥርጣሬ ያውጡት። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውኃ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ አንድ ቀን ቢያድር አብዛኛው ክሎሪን ይተናል፤ በሮቶ ለቀናት የቆየ ውኃ ላይ ደግሞ የሚቀረው ጥቂት ነው። በቦቴ መጥቶ ሽታው አፍንጫ የሚወጋ ውኃ ከሆነ ግን አንድ ቀን ክፍት አድርገው ያሳድሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፒኤች 8 ማለት ውኃው ወደ አልካሊ፣ ወደ አሲድ ተቃራኒ፣ ያደላል ማለት ብቻ ነው። አፈሩን ምን ያህል የመግፋት ጉልበት እንዳለው አይናገርም። ሁለት ብርጭቆ ውኃ፣ ሁለቱም ፒኤች 8፣ አንዱ በጥቂት ጠብታ ሎሚ ወደ 6 ይወርዳል፣ ሌላው በዚያው ያህል ጠብታ ብዙም አይወርድም። ይህ አሲድን የመቋቋም አቅም አልካላይኒቲ ይባላል፤ የሚመጣውም በብዛት ከቢካርቦኔት ነው። ባጠጡ ቁጥር የአፈሩን ፒኤች ትንሽ ትንሽ ሽቅብ የሚገፋው እሱ ነው። ፒኤቹ ከ7 ሲያልፍ ብረት አፈሩ ውስጥ ቢኖርም ሥሩ ሊወስደው በማይችለው መልክ ይቀመጣል። የፒስ ሊሊዎ አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሮቹ አረንጓዴ ከቀሩ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቢጫ የሚሆነው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከሆነ ግን የብረት ነገር አይደለም፤ ያኔ የናይትሮጅን እጥረትን ወይም የበሰበሰ ሥርን ይጠርጥሩ።

አልካላይኒቲን ለመለካት የዓሣ ገንዳ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ የሚገኘው የኬኤች ጠብታ ይበቃል። 5 ሚሊሊትር ውኃ በመርፌ ለክተው ወደ ብልቃጡ ይጨምሩ፣ ጠብታውን አንድ በአንድ እየጨመሩ ይወዝውዙ፣ ቀለሙ እስኪለወጥ ስንት እንደፈጀ ይቁጠሩ። በአብዛኞቹ ምርቶች አንድ ጠብታ አንድ ዲግሪ ነው፣ አንድ ዲግሪ ደግሞ 17.9 ሚሊግራም በሊትር። እስከ 6 ጠብታ ከሆነ ምንም አያድርጉ። ከ6 እስከ 8 አፈሩን እየተከታተሉ ያጠጡ። ከ8 በላይ፣ ማለትም ከ150 ሚሊግራም ገደማ በላይ ከሆነ ውኃውን ማስተካከል ያስፈልጋል፣ በተለይ ፖቱ ትንሽ ከሆነ፤ ትንሽ አፈር ቶሎ ይለወጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ውጤቱ ከሰፈር ሰፈር የሚለያየው የውኃው ምንጭ ስለሚለያይ ነው። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የዝናብ ውኃ ተጠራቅሞ የተጣራ ስለሆነ ማዕድኑ አነስተኛ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ግን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ቢካርቦኔት ይዞ ይመጣል። እንደ ፍልውሃ ያለው የጥልቅ መሬት ውኃ ደግሞ የሶዲየም ቢካርቦኔት ውኃ ነው። አንድ ሰፈር ዛሬ የግድብ፣ ነገ የጉድጓድ ውኃ ሊደርሰው ስለሚችል፣ ቦቴ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ስለሚለዋወጥ፣ ሮቶው በተሞላ ቁጥር ይለኩ። አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ለዓመት አያገለግልም።

እዚህ ላይ ማንቆርቆሪያዎ ራሱ መመርመሪያ ነው። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውኃዎ የካልሲየም ቢካርቦኔት ውኃ ነው። ይህን ውኃ 10 ደቂቃ አፍልተው፣ ቀዝቅዞ ከረጋ በኋላ ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ ብለው ቢቀዱ አልካላይኒቲው ይቀንሳል፤ አተላውን አብሮ ካፈሰሱት ግን ድካሙ ከንቱ ነው። የጠብታው ቁጥር ከፍ ያለ ሆኖ ማንቆርቆሪያው ንጹሕ ከሆነ ሶዲየም ነው። ሶዲየም ሲፈላ አይረጋም፤ ውኃው እየተነነ ጨዉ ይበረታል። ፍሎራይድም እንደዚሁ። ማፍላቱ ለውጥ ያላመጣልዎት ወይ በዚህ ነው፣ ወይ ደግሞ ችግሩ አስቀድሞ አፈሩ ውስጥ ስለተጠራቀመ።

ነጩን ቅርፊት ራሱን ይመርምሩት። ከአፈሩ ላይ ጥቂት ፍቀው በሳህን ያድርጉና አቼቶ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው፣ ከውኃው የመጣ። ዝም ካለ ሌላ ጨው ነው፣ ብዙ ጊዜ የማዳበሪያ። በትንሽ ፖት ላይ ዩሪያ በማንኪያ የሚበትኑ ሰዎች አሉ። የማሳ ማዳበሪያ በዚያ መልክ ለቤት ውስጥ ተክል አይሆንም፣ ሥር ያቃጥላል።

ቀጥሎ የፖቱ ምርመራ። ከሁሉም በላይ እንዲያደርጉት የምመክረው ይህን ነው። ፖቱን እንደወትሮው በደንብ ያጠጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሥሩ ያለውን ሳህን ደፍተው ያድርቁት። ከዚያ 100 ሚሊሊትር ዲስቲልድ ውኃ አፈሩ ላይ ዙሪያውን በቀስታ ያፍስሱ፣ ከታች የሚወጣውን የመጀመሪያ 50 ሚሊሊትር ይያዙና ኢሲውንና ፒኤቹን ይለኩ። ይህ መጠን 15 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ፖት ነው፤ ለትልቁ የሚያፈሱትን ይጨምሩ፣ የሚይዙት ግን 50 ብቻ ይሁን። ዲስቲልዱ ለመኪና ባትሪ ተብሎ የሚሸጠው ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን አሲድ አለመሆኑን ከጽሑፉ ያረጋግጡ፣ መለኪያውም ከ10 ፒፒኤም በላይ ካሳየ አይጠቀሙበት። የወጣው ውኃ ኢሲ ከ2 ሚሊሲመንስ በታች ከሆነ ሥሩ ምቾት አለው። ከ2 እስከ 3 ማዳበሪያ ያቁሙ። ከ3 በላይ ከሆነ አፈሩ ይታጠብ።

እንዲህ ያለ ቁጥር ቢመጣ አይገረሙ። በሳምንት አንድ ሊትር የሚጠጣ፣ ከሥሩ ምንም የማይፈስስ ፖት በ340 ፒፒኤም ውኃ በዓመት 18 ግራም ገደማ ማዕድን ይገባበታል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨው ያህል ነው። ውኃው ይተናል፣ ማዕድኑ ይቀራል። ሸክላ ከሆነ በግድግዳውም ላይ ስለሚተን ነጩ ነገር ከውጭ ይታያል፣ በፕላስቲክ ፖት ግን ሁሉም ከላይ ይጋገራል። ቀዳዳ የሌለው ጌጠኛ ፖት ውስጥ የተተከለ ተክል ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። ወይ ፖቱ ይበሳ፣ ወይ ተክሉ ቀዳዳ ባለው ፖት ተተክሎ ጌጠኛው ውስጥ ይቀመጥና ሲጠጣ ብቻ ይውጣ።

ለማጠብ መጀመሪያ የላይኛውን ቅርፊት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር አፈር ጋር ጠርገው ይጣሉ። ሳይጠርጉ ቢያጥቡ የተጋገረውን ጨው አሟምተው ወደ ሥሩ ነው የሚያወርዱት። ሦስት ሊትር አፈር ለሚይዝ ፖት ከ6 እስከ 9 ሊትር ውኃ ያዘጋጁ። ሦስት ቦታ ከፍለው፣ በየመካከሉ 10 ደቂቃ እየጠበቁ፣ በፍሳሹ በኩል በነፃነት እንዲወርድ አድርገው ያፍስሱ። የሮቶው ውኃ ለዚህ ይሆናል፣ የመጨረሻውን አንድ ሊትር ግን የዝናብ ወይም ዲስቲልድ ውኃ ያድርጉት። ውኃው ከላዩ ቆሞ የሚቀርበት፣ ሲነኩት የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ከሆነ አያጥቡት፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እንዲህ ያለውን ኮምፖስትና ሬድ አሽ ወዳለው ልል አፈር ማዛወር ነው መፍትሔው። ከታጠበ በኋላ ባጠጡ ቁጥር ካፈሰሱት ከአሥር እጅ ሁለት እጅ ያህሉ ከታች ይውጣ፣ ሳህኑም ወዲያው ይደፋ፤ ያኔ ማጠቡ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይበቃል።

ውኃውን ራሱን ለማስተካከል ከሁሉ የሚቀለው መደባለቅ ነው። አልካላይኒቲው 250 የሆነ ውኃ ከእኩል መጠን የዝናብ ውኃ ጋር ሲቀላቀል 130 አካባቢ ይሆናል። የክረምት ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሲቀዱ የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ይልቀቁት፣ አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባል። ቆርቆሮው አዲስ ከሆነ ዚንክ ስለሚለቅቅ ከሌላ ጣሪያ ይቅዱ። ጀሪካኑ ብርሃን የማያስገባ፣ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ ካልሆነ አልጌ ይይዛል፣ ትንኝም ይራባበታል።

ዝናብ በማይኖርበት ጊዜ ሲትሪክ አሲድ ይሠራል። ጠብታው 14 ላሳየ ውኃ ለ10 ሊትር 3 ግራም ገደማ አሟሙተው ይጨምሩ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ፒኤቹን ይለኩ፣ ከ6 እስከ 6.5 ያቁሙት። በትንሽ ሚዛን መዝኑት እንጂ በማንኪያ አይገምቱ። ሲትሪክ አሲድን የአፈር ጀርሞች ስለሚበሉት ውጤቱ አይዘልቅም፤ በየማጠጫው መደገም አለበት። ሶዲየሙንም አይቀንስም። የባትሪ አሲድ ግን በምንም ምክንያት ቤት ውስጥ ለዚህ አይነካ። በጨው የሚሠራ ማለስለሻ ማሽንም አይግዙ፣ ካልሲየሙን ወስዶ ሶዲየም ነው የሚተካልዎት። አምቦ ውኃ ለተክል የሚያጠጣ ካለ ይተው፣ ቢካርቦኔቱ ብዙ ነው። በእርግጥ የሚያጠራ ማጣሪያ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ብቻ ነው፤ ለጥቂት ፖት ዋጋው አያዋጣም።

ድራሲናና ስፓይደር ፕላንት ለብቻቸው መታየት አለባቸው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ፍሎራይድን አይችሉም። ፍሎራይድ በቅጠሉ ውስጥ ወደ ጫፍ እየተጓዘ እዚያ ይከማቻል፤ በቲዲኤስ መለኪያም አይታይም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች፣ ጥርስ የሚያበልዘው ውኃ ባለበት ሁሉ፣ መጠኑ ከፍተኛ ነው። ለሰው የተቀመጠው ወሰን 1.5 ሚሊግራም በሊትር ሲሆን ለነዚህ ተክሎች ግን ግማሽ ሚሊግራም እንኳ ይበዛል። አንድ ሊረሳ የማይገባ ነገር፦ አፈሩ አሲድ ሲሆን ፍሎራይዱ ይበልጥ ይወሰዳል። ስለዚህ ለፒስ ሊሊው ያዘጋጁትን አሲድ የገባበት ውኃ ለድራሲናው አይስጡት፤ የድራሲናው አፈር ከ6 እስከ 6.8 ይሁን። ሱፐርፎስፌት ማዳበሪያም ፍሎራይድ ስላለበት ይቅርበት።

ለድራሲናው የዝናብ ውኃ ብቻ ቢሰጡት ብዙ አያስቸግርም። በሳምንት ግማሽ ሊትር ከጠጣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃዋል። ለፒስ ሊሊው ደግሞ ውኃውን ካስተካከሉ በኋላ የኪሌት ብረት፣ ማለትም ሥሩ ሊወስደው በሚችል መልክ የተዘጋጀ ብረት፣ ይስጡት፣ ግን ዓይነቱን አይተው ይግዙ። ኢዲቲኤ የሚለው ፒኤቹ 6.5 ሲያልፍ ይዳከማል፣ ዲቲፒኤ እስከ 7 ይቆያል፣ ኢዲዲኤችኤ ከዚያም በላይ ይሠራል። መጠኑ በማሸጊያው ላይ ካለው አይለፍ።

የደረቀው ጫፍ አይመለስም። በመቀስ ሲቆርጡት ከቡናማው ክር የምታህል ይተዉ፣ አረንጓዴውን ከነኩ እንደገና ከዚያ ይደርቃል። የሚመለከቱት ከዛሬ በኋላ የሚወጣውን ቅጠል ነው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት። በዚያ ጊዜ ከፖቱ የሚወጣው ኢሲ ከ1.5 በታች ሆኖ የድራሲናው አዲስ ቅጠል አሁንም ጫፉ ከተቃጠለ ጨው አይደለም፤ የሮቶውን ውኃ ፍሎራይድ በላብራቶሪ ያስመርምሩ።