ካምቦዲያ ልብስ ማሰፋት ያዋጣል ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ዱባይ ዴራ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ፣ ከቻይና ማምጣቱ ሰልችቶኛል፣ ካምቦዲያ ርካሽ ነው ይሉኛል፣ እዚያ ባሰፋ ያዋጣኛል ወይ፣ የአገሩ ንግድስ ነገ ያስተማምናል ወይ ነው ያልሽው። ከሥር "ዝም ብለሽ ሂጂ፣ አሪፍ ነው" ያሉሽን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ሥራውን የለመድኩት ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጋርመንት ውስጥ ነው፤ ከዚያ የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን ያለ ለገዢዎች ጥራት የሚቆጣጠር ቢሮ ቀጠረኝና ለዓመታት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስዞር ኖሬያለሁ። የምጽፍልሽም እዚያ ያየሁትን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ።

መጀመሪያ ይቺን ያዢ። ካምቦዲያ ልብስ ይሰፋል እንጂ ጨርቅ ይህ ነው የሚባል አያመርትም። ጨርቁ በብዛት ከቻይና ነው የሚመጣው። ዚፑ፣ ቁልፉ፣ ክሩም ቢሆን እንደዚያው። ከፋብሪካዎቹም አብዛኞቹ የቻይና፣ የታይዋንና የሆንግ ኮንግ ባለሀብቶች ናቸው። ስለዚህ ቻይና ሰልችቶሽ ብትሄጂ እዚያም የምትጠብቂው ቻይናን ነው፤ ልዩነቱ መሀል ላይ አንድ ተጨማሪ የመርከብ ጉዞ መጨመሩ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንድ የጃኬት ኦርደር ላይ አይቻለሁ። ጨርቁ ገብቶ ተቆርጧል፣ እጅጌው ተገጥሟል፣ የቀረው ዚፕ ብቻ ነው። ዚፑ ግን ወደብ ላይ ነው። ልጆቹ ማሽናቸው ላይ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል፣ ግማሽ ድረስ የተሰፋው ጃኬት ተከምሮ መተላለፊያውን ዘግቶታል፣ ሱፐርቫይዘሯ ስልኩን ከጆሮዋ አታወርድም። በመጨረሻ ዚፑ መጣ። ከካርቶኑ አውጥተን ከጨርቁ ጎን መብራት ሥር ስናስቀምጠው ቀለሙ ይደምቃል፣ አይገጥምም! ገዢው አልቀበልም አለ። ፋብሪካው ሌላ ዚፕ በአውሮፕላን አስመጣ፤ ትርፉም እዚያው አለቀ። የእጅ ዋጋ ርካሽ ነው ብሎ ብቻ የሚያሰላ ሰው ይህን አያሰላውም።

የእጅ ዋጋውም ቢሆን የድሮው አይደለም። በ2014 መጀመሪያ ሠራተኞቹ ቬንግ ስሬንግ በሚባለው የፋብሪካዎች መንገድ ላይ ወጥተው 160 ዶላር ይከፈለን ሲሉ ተተኩሶባቸው ሰው ሞቷል። ያኔ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 80 ዶላር ነበር፣ በ2025 ደግሞ 208 ገብቷል። ይገባቸዋል እላለሁ። ጠዋት ጠዋት ክፍት የጭነት መኪና ላይ ቆመው ተጨናንቀው ሲመጡ ያየ ሰው አይከራከረኝም። እጃቸውም ፈጣን ነው፣ አንድ ሞዴል ቶሎ ይለምዳሉ፣ ድጋሚ የሚፈታው ትንሽ ነው። ደመወዙ ከእኛ አገር በብዙ እጥፍ በልጦም ገዢዎች ያልሸሹት ለዚህ ነው።

ዋናው ምክንያት ግን ቀረጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ልብስ ላይ ባብዛኛው 12 በመቶ ቀረጥ ይጥላል፤ ካምቦዲያ በድሃ አገርነቷ ያለ ቀረጥ ታስገባለች። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ጨርቁ የሌላ አገር ቢሆንም እዚያ እስከተሰፋ ይፈቀዳል ተባለና ፋብሪካው እንደ አሸን ፈላ። እና አንቺ የምትሸጪው የት ነው? ዱባይ። ዱባይ ድሮም ቀረጡ 5 በመቶ ነው። ኤምሬትስና ካምቦዲያ በ2023 ተፈራርመው በ2024 ሥራ ላይ ያዋሉት የንግድ ስምምነት አለ፣ እሱን ተጠቅመሽ 5ቱን በሙሉ ብታስቀሪ እንኳ ያተረፍሽው ያቺኑ 5 በመቶ ነው። እሷም የትውልድ አገር ሰርተፊኬት፣ ማለትም ዕቃው የት እንደተሠራ የሚመሰክር ወረቀት፣ ካገኘሽ ነው፣ ከቻይና ጨርቅ ለተሰፋ ቀሚስ ሰርተፊኬቱ ይሰጣል ወይ ብለሽ ደግሞ ቀድመሽ መጠየቅ አለብሽ። ባጭሩ አገሩ ርካሽ የሆነው ለአውሮፓ ገዢ ነው፣ ለአንቺ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የነገውን ላልሽው፣ እኔን የሚያሰጋኝ ይኸው ቀረጥ ነው። በነሐሴ 2020 አውሮፓ በሰብአዊ መብት ጉዳይ ከዕድሉ ከፊሉን አንስቷል፤ ወደ አውሮፓ ከሚላከው አንድ አምስተኛውን ነክቷል። ትልቋ ገዢ አሜሪካ በሚያዝያ 2025 በአንድ ጊዜ 49 በመቶ አለች፣ ከዚያ 36፣ ከዚያ 19። በየወሩ ቁጥር ሲቀየር ማን ዋጋ ይቆርጣል? ታኅሣሥ 2029 ላይ ደግሞ ካምቦዲያ ከድሃ አገሮች ዝርዝር ትወጣለች፣ የአውሮፓው ዕድልም የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጥቶት ያበቃል። እኛ የሐዋሳ ሰዎች ይህን ለማወቅ ነቢይ አያስፈልገንም፤ አጎዋ የሚባለው ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የማስገባት ዕድል በጥር 2022 ለኢትዮጵያ ሲቀር ኦርደር እንዴት እንደሚጠፋ አይተናል።

ተስፋ የለውም እያልኩሽ ግን አይደለም። ሻንጣና ቦርሳ ጥሩ አድርገው ይሠራሉ፣ ብስክሌት ለአውሮፓ በብዛት ይልካሉ፣ የመኪና ጎማ ፋብሪካዎች ገብተዋል፤ ጎማ ላይ የጎማ ዛፉ የራሳቸው ነው፣ እሱን እወድላቸዋለሁ። ካሹ የሚባለውን ለውዝ ግን አሁንም ጥሬውን ለቬትናም ሸጠው ቬትናም ፈልፍላ ታተርፍበታለች፤ ያናድዳል። ከፕኖም ፔን ሲሃኑክቪል ወደብ የሚወስደው ፈጣን መንገድ በ2022 ተከፍቷል፣ ጭነት የሚያመላልስ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ከታይላንድ ጋር ያለው ድንበር በ2025 ሐምሌ ከነበረው ውጊያ ወዲህ ራስ ምታት ነው፤ በየብስ ከታይላንድ ዕቃ የሚጠብቅ ፋብሪካ አሳሩን አይቷል።

ወደ አንቺ ልመለስና፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች አንድን ሞዴል በብዙ ሺህ ካላዘዝሽ አያናግሩሽም። በትንሽ እንሠራልሻለን የሚሉሽ አብዛኛውን ጊዜ ኦርደሩን ለሌላ ቤት አሳልፈው የሚሰጡ ናቸው፤ የት እንደተሰፋ ሳታውቂው ኮንቴይነር ይዘጋል። ሩሲያ ገበያ የሚባለው ፕኖም ፔን ያለው ገበያ ላይ የፋብሪካ ትርፍ ልብስ በርካሽ ታያለሽ፣ ልብሽ ይከጅላል። ሌብሉ በመቀስ የተቆረጠውን ለራስሽ ግዢው፤ የታወቀ ስም ያለበትን በካርቶን ጭነሽ ዱባይ ጉምሩክ ፊት እንዳትቆሚ። ደግሞ ይዘሽ የምትሄጂው ዶላር ጫፉ የተቀደደ እንዳይሆን፤ ዶላር በየሱቁ የሚሠራበት አገር ሆኖ የተቀደደ ግን አይቀበሉም።

በእኔ ሚዛን ከአንድ ኮንቴይነር በታች ከሆንሽ እዚያው ቻይና ሻጭ ቀይሪ። ከዚያ በላይ ከሆንሽና ቦርሳም ጨምረሽ ካሰብሽ ያነጋግራል። ፋብሪካውን ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት ጨርቁ ከየት በስንት ቀን እንደሚገባ ጠይቂ፤ መልስ ከሌለው ዲፖዚት አትክፈዪ። ለዒድ የምትፈልጊውን ደግሞ በጣም ቀደም አድርጊ፤ በቻይና አዲስ ዓመት ጨርቁ ይቆማል፣ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ በክመር፣ ማለትም በካምቦዲያውያን፣ አዲስ ዓመት ደግሞ ሰፊዎቹ አገር ቤት ይገባሉ። ምን ዓይነት ልብስ እንደሆነና ብዛቱን እዚሁ ሥር ጻፊልኝ፣ ሂሳቡን አብረን እንሠራዋለን።