የአላህ ሐቅ በባሪያው ላይ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ አምስት ወቅት እሰግዳለሁ፤ አላህን አውቀዋለሁ ለማለት ግን አልደፍርም። ሶላቴ ምላሴ ላይ ነው፤ ሳሰላምት ምን እንዳልኩ እንኳ አላስታውስም። እሱን ለማወቅ ከየት ልጀምር? ከእኔስ የሚፈልገው በትክክል ምንድን ነው? (እህት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ አጭር ስለሆነ እሱን እናስቀድም። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኋላ በአህያ ላይ ተፈናጠው ሲሄዱ፣ «ሙዓዝ ሆይ፣ አላህ በባሮቹ ላይ ያለውን ሐቅ ታውቃለህ?» ተባሉ። «አላህና መልእክተኛው ያውቃሉ» አሉ። «ሐቁ ሊገዙትና በእርሱ ምንንም ላያጋሩ ነው» የሚል መልስ አገኙ። ባሮቹስ በእርሱ ዘንድ ያላቸው ሐቅ? ምንንም ያላጋራበትን ሰው ላይቀጣ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሶላቱም ጾሙም ዘካውም የዚህ የአንድ ሐቅ ዝርዝር ነው።

ማወቅ ሲባል ፈጣሪ መኖሩን መቀበል ብቻ እንዳይመስልሽ። የመካ ሙሽሪኮች (በአላህ የሚያጋሩ ሰዎች) «ሰማያትንና ምድርን የፈጠረ ማነው?» ቢባሉ «አላህ» እንደሚሉ ቁርኣን በሱረቱ ሉቅማን 25ኛው አንቀጽ ይነግረናል። ፈጣሪነቱን አልካዱም። እንቢ ያሉት ልመናቸውን፣ እርዳቸውንና ተስፋቸውን ለእርሱ ብቻ ማድረግን ነው።

መነሻሽን ሩቅ አትፈልጊ፤ በእጅሽ ያለችው ፋቲሓ፣ የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ ናት። ሱብሒ 2፣ ዙህር 4፣ ዐስር 4፣ መግሪብ 3፣ ዒሻእ 4 ረከዓ ነውና ግዴታ በሆኑት ሶላቶች ብቻ በቀን 17 ጊዜ ትቀሪያታለሽ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አልቁድሲ (ነቢዩ ከአላህ ያስተላለፉት ቃል) አላህ «ሶላትን በእኔና በባሪያዬ መካከል ሁለት ቦታ ከፈልኳት» ይላል። ባሪያው «አልሐምዱ ሊላሂ ረቢል ዓለሚን» ሲል «ባሪያዬ አመሰገነኝ» ይባላል። «አርረሕማኒ አርረሒም» ሲል «ባሪያዬ አወደሰኝ»፣ «ማሊኪ የውሚዲን» ሲል «ባሪያዬ አላቀኝ» ይባላል። «ኢያከ ነዕቡዱ ወኢያከ ነስተዒን» ላይ ሲደርስ «ይህ በእኔና በባሪያዬ መካከል ነው፤ ባሪያዬ የጠየቀውን ያገኛል» ይላል። «ኢህዲና» ብሎ እስከ መጨረሻው ሲቀራም «ይህ ለባሪያዬ ነው፤ የጠየቀውም አለው» ይባላል። እንግዲህ ፋቲሓን በአንድ ትንፋሽ የሚጨርስ ሰው፣ እየተመለሰለት ሳለ መልሱን ሳያዳምጥ ያልፋል። ያንቺም ችግር ያለው እዚህ ይመስለናል።

ስለዚህ ሰባቱን አንቀጾች በሳምንት አጥኛቸው፤ በቀን የአንዱን አንቀጽ ትርጉም ቃል በቃል። ከዚያ በሶላት ውስጥ በእያንዳንዱ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ቁሚ። ኡሙ ሰለማ እንዳስተላለፉት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቀራር እንዲሁ አንቀጽ በአንቀጽ የተቆራረጠ ነበር። በሱብሒ ሁለት ረከዓ ጀምሪው፤ አጭር ስለሆነ ልብ አይሸሽም። ሩኩዕና ሱጁድ ላይ ደግሞ አካልሽ ተረጋግቶ መገጣጠሚያሽ ሁሉ ቦታውን እስኪይዝ ቆዪ። ይህ መረጋጋት (ጡመእኒና) የሶላቱ ማዕዘን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እየተጣደፈ የሰገደውን ሰው «ተመለስና ስገድ፤ አልሰገድክምና» ብለው ሦስት ጊዜ መልሰውታል።

ስሞቹንም በጉዳይሽ ልክ ተማሪያቸው። ሱረቱል አዕራፍ 180 «ለአላህ መልካም ስሞች አሉት፤ በነሱም ለምኑት» ይላል። ሲታመሙ «ያ ሻፊ»፣ ሲቸገሩ «ያ ረዛቅ»፣ ሲያጠፉ «ያ ገፉር» ማለት ስሙን ከሕይወት ጋር ያገናኘዋል፤ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከማየት እጅግ ይሻላል። ዘጠና ዘጠኝ ስሞች እንዳሉትና የያዛቸው ጀነት እንደሚገባ የሚናገረው ሐዲስ ትክክለኛ ነው። ስሞቹን አንድ በአንድ የሚዘረዝረው የቲርሚዚ ዘገባ ግን፣ ዝርዝሩ ከነቢዩ አንደበት ሳይሆን ከዘጋቢዎች የተጨመረ ነው የሚሉ የሐዲስ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ስታስቢው ደግሞ መልክ አትሳዪለት፦ «እርሱን የሚመስል ምንም የለም፤ እርሱም ሰሚው፣ ተመልካቹ ነው» (አሽሹራ 11)።

ጥያቄ፦ አባቴ በሕይወት ሳሉ «ልጄ ከበሽታው ከዳነልኝ በሬ ወስጄ እሸኹ ቀብር ዘንድ አርዳለሁ» ብለው ተስለው ነበር። እኔ ዳንኩ፤ እሳቸው ሳይፈጽሙ ሞቱ። ዘመድ «ስለቱ ይይዝሃል» እያለ ያስፈራራኛል። ምን ላድርግ? (ወንድም፣ ከወሎ)

መልስ፦ አላህ አባትዎን ይማራቸው። በመጀመሪያ ስለቱ ለማን እንደነበረ ይለዩ፤ ፍርዱ በዚያ ይለያያልና።

ስለት (ነዝር) ዒባዳ (አምልኮ) ነው፤ ዒባዳ ደግሞ ለአላህ ብቻ ነው። አባትዎ ያሰቡት «ሸኹ አድነውልኛል፤ ለሳቸው አርዳለሁ» የሚል ከነበረ ስለቱ ከመነሻው አልቆመም፤ አይፈጸምም። ዓኢሻ ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ «አላህን ሊታዘዝ የተሳለ ይታዘዘው፤ አላህን ሊያምጽ የተሳለ አያምጸው» ተብሏል። የሻፊዒይ መዝሀብ (የሕግ መንገድ) ዑለማዎች በዚህ ላይ ምንም ካሳ የለም ይላሉ፤ ሐንበሊዎች የመሐላ ካሳ ይጠይቃሉ። ሰዎች ሊፈርዱባቸው አይገባም፤ ብዙ ደጋግ አባቶች ሳያውቁ ያደረጉት ነገር ነው። እርስዎ ኢስቲግፋር ያድርጉላቸው፤ ምሕረት ይለምኑላቸው።

ለአላህ ብለው፣ ሥጋው ለድሆች እንዲበላ፣ ቦታውን ብቻ የቀብሩን አካባቢ አድርገው ከሆነ ግን በሬው ዕዳ ነው። የቡዋናን ሐዲስ ያስታውሱ። አንድ ሰው ቡዋና በሚባል ስፍራ ግመል ሊያርድ ተስሎ መጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «በዚያ በጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት በነበረው) ዘመን የሚመለክ ጣዖት ነበረ ወይ?» ብለው ጠየቁ። የለም አሉ። «ከበዓሎቻቸውስ አንዱ ይከበርበት ነበር ወይ?» የለም። «ስለትህን ፈጽም» አሉት (አቡ ዳውድ)። ሁለቱም ጥያቄዎች ስለ ቦታው መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ስለዚህ ቀብሩ ዘንድ ለሟቹ የሚታረድበት ልማድ ካለ፣ በሬውን በሰፈርዎ፣ በአላህ ስም አርደው ለድሆች ያከፋፍሉ። ቀብሩን መጎብኘት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰላምታ አቅርቦ ለሟቹ ዱዓ ማድረግ ሱና ነው። ዱዓው ለሟቹ እንጂ ወደ ሟቹ አይሁን።

ወጪው የሚሸፈነው አባትዎ ከተዉት ሀብት ነው፤ ያውም ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት፣ እንደ ማንኛውም ዕዳ። እናቷ ሐጅ ተስላ ሳትፈጽም የሞተችባት ሴት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ብትጠይቅ «እናትሽ ዕዳ ቢኖርባት ትከፍዪላት አልነበረምን? የአላህ ዕዳ ሊከፈል ይበልጥ የተገባ ነው» ተብላለች። ሀብት ካልተዉ በእርስዎ ላይ ግዴታ አይሆንም፤ በፈቃድዎ ቢያደርጉት መልካም ነው።

«ስለቱ ይይዝሃል» የሚለውን ፍርሃት ግን ከልብዎ ያውጡት። የያዘዎትም ያዳነዎትም አላህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለት ራሱ ምንንም እንደማያስቀድምና ከንፉግ እጅ ብቻ ገንዘብ እንደሚያወጣ ተናግረዋል። ልጅ ሲታመም «ካዳንክልኝ» ብሎ ከመደራደር ወዲያው ሰደቃ ሰጥቶ ዱዓ ማድረግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ውዱእ ሳደርግ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። «ክርኔ አልረጠበም»፣ «ኒያዬ አልገባም» እያልኩ እደጋግማለሁ። ስሰግድም ስንት ረከዓ እንደሆነ ይጠፋኛል። አንዳንዴ ስለ አላህ የማይነገር ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ከእስልምና ወጣሁ ብዬ አለቅሳለሁ። (እህት፣ ከጅማ)

መልስ፦ ይህ ወስዋስ (የሚደጋገም የጥርጣሬ ጉትጎታ) ነው፤ ከእስልምናም አላወጣሽም። ሶሐባዎች «በነፍሳችን ለመናገር የሚከብደንን ነገር እናገኛለን» ብለው ሲያማርሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «እሱ ግልጽ ኢማን ነው» አሉ። ኢማን የተባለው ሐሳቡ ራሱ አይደለም፤ ልባቸው መጥላቱና መደንገጡ ነው። «አላህን ማን ፈጠረው?» የሚል ሐሳብ ሲመጣ መድኃኒቱ በሐዲስ የተሰጠው ነው፦ «አዑዙ ቢላህ» ብለሽ አቁሚ። አትከራከሪው። ክርክሩ ነው የሚያሰፋው።

ውዱእን በተመለከተ ውኃሽን ስፈሪ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውኃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሙድ የሁለት መካከለኛ እጆች እፍኝ ሲሆን፣ ከግማሽ ሊትር ጠርሙስ ጥቂት ይበልጣል። ይህንኑ ያህል በማንቆርቆሪያ ቀድተሽ ቧንቧውን ዝጊ። የሚታጠቡት አካላት አንድ ጊዜ በደንብ ከተዳረሱ ይበቃል፤ ሦስት የመጨረሻው ነው፣ አራተኛ የለም። ኒያ የልብ ውሳኔ ነው፤ ወደ ውኃው የሄድሽው ልትሰግጂ ከሆነ ኒያሽ ተገኝቷል። «ነወይቱ» ማለት ልብን ለማገዝ ነው እንጂ ቃሉ ካልጣመኝ ተብሎ የሚደጋገም አይደለም።

ውዱእሽ መጥፋቱን ከተጠራጠርሽ «ድምፅ እስኪሰማ ወይም ሽታ እስኪያገኝ ከሶላቱ አይውጣ» የሚለው ሐዲስ ይበቃሻል፤ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም። ሦስት ነው ወይስ አራት ስትዪ፣ ትንሹን ይዘሽ አንድ ጨምሪና ከማሰላመትሽ በፊት ሁለት ሱጁድ አድርጊ። ካሰላመትሽ በኋላ የመጣ ጥርጣሬ ግን ዋጋ የለውም፤ ተነሥተሽ ሂጂ። ጥርጣሬ በየሶላቱ የማይለየው ሰው ደግሞ ጨርሶ እንዳይሰማው ብዙ ዓሊሞች ይመክራሉ።

አላህን እንደሚያጠምድሽ ተቆጣጣሪ እያሰብሽው ይሆናል። እርሱ ግን «አላህ በእናንተ ላይ ችግር ሊያደርግ አይሻም» ያለው በዚያው በውዱእ አንቀጽ ውስጥ ነው (አልማኢዳ 6)። እነዚህን ሁሉ አድርገሽ እጅሽን ማጠብ ማቆም ካልቻልሽ ወደ አእምሮ ሐኪም ሂጂ። የሚታከም ሕመም ነው፤ መታከምም የኢማን ማነስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጅዳ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራው ፋታ ስለማይሰጠኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ሶላት አልፎኛል፤ በወር አበባ የበላኋቸውም የረመዷን ቀናት አሉብኝ። አሁን መመለስ እፈልጋለሁ። (እህት)

መልስ፦ እንኳን ወደ በሩ ተመለስሽ። በፊት ያለፈውን ከማስላትሽ በፊት የዛሬውን ያዢ። የዙህር ወቅት እስከ ዐስር ሙሉ ክፍት ነው፤ አዛን ሲባል ካልሰገድሽ አለፈሽ ማለት አይደለም። አራት ረከዓ ከነውዱኡ ከ10 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ንጹሕ ከሆነ ወጥ ቤትም መስገጃ ነው። በጣም በጠበበ ቀን ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ስለማቀናጀት ዑለማዎች ይለያያሉ። ሻፊዒዮች በብዛት ከጉዞና ከዝናብ ውጭ አይፈቅዱም። ሌሎች ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያለ ፍርሃትና ያለ ዝናብ መዲና ውስጥ ማቀናጀታቸውንና ኢብኑ ዐባስም «ኡመታቸውን ላለማስቸገር ነው» ማለታቸውን ይዘው፣ ልማድ ሳይሆን ለችግር ይፈቅዳሉ። ብታቀናጂም አታሳጥሪ። አራቱ አራት ነው፤ ማሳጠር የመንገደኛ ነው። ሱብሒ ከምንም ጋር አይቀናጅም።

ለቀዷው (ያለፈን ለመክፈል)፣ በአራቱም መዝሀቦች ያለፈው ሶላት ይከፈላል። ሁለት የሂጅራ ዓመት በግምት 708 ቀን ነው። የወር አበባ ቀናትን ቀንሺ፤ የነሱ ሶላት ቀዷ የለውም። ለምሳሌ በወር 7 ቀን ከሆነ በ24 ወር 168 ቀን ነው፤ 540 ቀን ይቀራል። ከእያንዳንዱ ፈርድ (ግዴታ ሶላት) ጋር የዚያኑ ወቅት አንድ ቀዷ ብትሰግጂ በ540 ቀን ይዘጋል። ማስታወሻ ላይ ምልክት አድርጊ። ሲከብድ አንድ ቀን ይዝለል እንጂ ሁሉም አይተው።

ጾሙ ግን የሶላቱ ተቃራኒ ነው፤ የወር አበባ ቀናቱ ይከፈላሉ። ዓኢሻ «ጾምን እንድንከፍል እንታዘዝ ነበር፣ ሶላትን እንድንከፍል አንታዘዝም ነበር» ያሉት ይህንን ነው። ተከታታይ መሆን የለበትም፤ ሰኞና ሐሙስ እያደረግሽ ጹሚ። ቀጣዩ ረመዷን ያለ ምክንያት ካለፈሽ በሻፊዒይ መዝሀብ ለየቀኑ አንድ ሙድ እህል ለምስኪን ይጨመራል፤ በስንዴ 600 ግራም ገደማ ነው። በእርግጥ ፋታ ከልክለውሽ ከሆነ ግን ጾሙ ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በየንግግሬ «ወላሂ» እላለሁ። አንድ ጊዜ ግን ወንድሜን ዳግም እንዳላናግር አስቤበት ምዬ አፈረስኩ። ሦስት ቀን ጾሜያለሁ፤ በቂ ነው? (ወንድም፣ ከሐረር)

መልስ፦ መታረቅህ ትክክል ነው፤ ከተማለበት የተሻለ ካየህ መሐላውን ካስ፣ የተሻለውን አድርግ ተብለናል። አፍ የለመደው «ወላሂ» ካሳ የለበትም፤ ልብ ያሰበበት ግን አለበት። ጾሙ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ተሳስተህ ሊሆን ይችላል። አልማኢዳ 89 የሚያዘው 10 ምስኪኖችን ማብላት ወይም ማልበስ ወይም ባሪያ ነጻ ማውጣት ነው፤ ሦስት ቀን ጾም የመጣው «ያላገኘ ሰው» ብሎ ነው። በማልህ ጊዜ ሳይሆን በምትከፍልበት ጊዜ የማብላት አቅም ከነበረህ ጾሙ ካሳውን አልዘጋም፤ አሁን አብላ። መጠኑ በሻፊዒይ ለእያንዳንዱ አንድ ሙድ (በስንዴ 600 ግራም ገደማ) ነው፤ ብዙ የዘመናችን ዓሊሞች ግን ከዚያ የሚበልጥ፣ 1.5 ኪሎ ሩዝ ወይም ስንዴ ይላሉ። አሥር የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ለአንድ ቤተሰብ የምትሰጥ ከሆነ አባላቱን ቁጠር፣ ስድስት ከሆኑ አራት ይቀሩሃል። ሐነፊዎች ዋጋውን በገንዘብ መስጠትን ይፈቅዳሉ፤ ሻፊዒዮች እህሉ ራሱ ይሰጥ ይላሉ።