8 ፐርሰንቱ አያስደንግጥሽ፦ ስለ ውሻሽ የጣሳ ምግብ

ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት እህቴ። ከመጠለያ ያመጣሽው ውሻ ደረቁን ምግብ እምቢ ብሎሽ የጣሳ ገዛሽለት። ጀርባውን ስታዪው ፕሮቲን 8 ፐርሰንት ይላል። የደረቁ ከረጢት ላይ ደግሞ 26። ዝቅ ስትዪ «ባይፕሮዳክት»፣ ተረፈ ምርት፣ የሚል ቃል አገኘሽና «ከፍዬ ቆሻሻ ነው እንዴ የማበላው?» አልሽ። አንዱ «ጣይው» አለሽ፣ ሌላው «ወጥ ስጪው፣ እኛ ስናድግ ውሻ ምን ይበላ ነበር?» አለሽ።

ሐኪም አይደለሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ ውሻ ሳሳድግ ግን 11 ዓመቴ ነው። በዚህ በጣሳ ጉዳይ ደግሞ በደንብ ተበልቼ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ ያቺን 8 እንጨርሳት። ጣሳው ውስጥ ያለው አብዛኛው ውሃ ነው። ሌብሉ ላይ «ሞይስቸር» የሚለውን ፈልጊ፤ 78 ፐርሰንት አካባቢ ታገኚዋለሽ። ደረቁ ላይ 10 ገደማ ነው። ሁለቱን እንዳሉ ማወዳደር ሾርባን ከቋንጣ ጋር ማወዳደር ነው። ስለዚህ ውሃውን አውጥተሽ ቁጠሪ። ከ100 ላይ 78 ሲነሳ 22 ይቀራል። 8ን ለ22 አካፍዪ፣ በ100 አባዢ፤ 36 ፐርሰንት ይመጣል። ደረቁንም እንደዚያው አድርጊ፤ 26 ለ90 ሲካፈል 29 ገደማ ነው። ያስደነገጠሽ ጣሳ በፕሮቲን ደረቁን በለጠው ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ አፍኮ የሚባለው የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ያወጣው ዝቅተኛ ልክ አለ። ለአዋቂ ውሻ ውሃው ወጥቶ 18 ፐርሰንት ፕሮቲንና 5.5 ፐርሰንት ስብ ነው። ለቡችላና ለእርጉዝ 22.5 እና 8.5። ያንቺ ጣሳ በፕሮቲን በኩል ችግር የለበትም።

ሰው የሚሸወደው ይልቅ ስቡ ላይ ነው። «6 ፐርሰንት ስብ ብቻ» ሲል ቀላል ይመስላል። ውሃውን ስታወጪው 27 ገደማ ይሆናል፤ ይሄ የሰባ ምግብ ነው። ለሚሮጥ ውሻ ምንም አይደለም። ቆሽቱን ታሞ ለሚያውቅ ወይም ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ለሚተኛ ግን አልገዛለትም።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ዳማ የሚባል ውሻ ነበረኝ። ቀለሙ ዳማ ስለሆነ ነው ስሙ። መጀመሪያ ላይ ጣሳ የምመርጥለት በፎቶው ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ፊቱ ላይ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ቀይ ሥጋ፣ ካሮት፣ አተር ተሥሏል፤ ለእኔም ያስጎመጃል። ዳማ ሳህኑን ከኩሽናው ጥግ እስከ ጥግ እየገፋ ይልስ ነበር። ሁለት ወር አካባቢ ሌላ ምግብ አልሰጠሁትም። ከዚያ ፀጉሩ ደበዘዘ፣ ጎኑ ሟሸሸ። ሐኪሟ ምን እንደሚበላ ስትጠይቀኝ ኮራ ብዬ ጣሳውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ፊቱን አላየችውም። ዞር አደረገችና ጉንዳን የሚያህል ጽሑፍ ሥር ጥፍሯን አስቀመጠች። አልፎ አልፎ ወይም ለተጨማሪነት ብቻ የሚሰጥ ነው ይላል። ለካ ልጁን ሁለት ወር ሙሉ በመክሰስ ነው ያኖርኩት።

ማታ ቤት ገብቼ በእልህ አንድ ጣሳ ከፈትኩ። የፓስታ ማጥለያ ላይ ገልብጬ በለብ ያለ ውሃ አጠብኩት። መረቁ ሲሄድ ጣሳው ውስጥ ከነበረው ግማሽ እንኳን አልቀረም። «ሥጋው»ን አንስቼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ሥጋ በክሩ ነው የሚተረተረው። ይሄ እንደ ስፖንጅ ገብቶ ተመልሶ ወጣ። ዝርዝሩን ሳነብ ከውሃ ቀጥሎ ከፍ ብሎ የተቀመጠው የስንዴ ግሉተን ነው፤ ስንዴው ታጥቦ ስታርቹ ሲወጣ የሚቀረው የሚለጠጥ ፕሮቲን። መርዝ አይደለም። ግን እኔ የከፈልኩት ለበሬ ነበር።

ስለዚህ እኔ ጣሳ ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ያቺን ትንሽ ጽሑፍ ነው። «ኮምፕሊት ኤንድ ባላንስድ»፣ የተሟላና የተመጣጠነ፣ ማለት አለበት። ለማን እንደሆነም ይጽፋል፤ ለአዋቂ፣ ለሚያድግ ወይም ለሁሉም ዕድሜ። ያንቺ ልጅ ሲያድግ ከ32 ኪሎ በላይ የሚሆን ዓይነት ቡችላ ከሆነ፣ ትልቅ ለሚሆኑ ቡችሎችም እንደሚሆን የተጻፈበትን ፈልጊ። ለእነሱ ካልሲየም ሲበዛ አጥንት ያበላሻል። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ «ኮምፕሊት» እና «ኮምፕሊመንተሪ» የሚሉትን እንዳታምታቱ። ሁለተኛው መክሰስ ነው።

ቀጥሎ ስሙ። ስሙ ውስጥ ሕግ ተደብቋል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጣሳው ዝም ብሎ «ቢፍ ለውሻ» ካለ፣ ለማምረቻ የተጨመረው ውሃ ሳይቆጠር 95 ፐርሰንቱ በሬ መሆን አለበት። ውሃውም ተቆጥሮ ከ70 መውረድ አይችልም። «ቢፍ ዲነር»፣ «ቢፍ አንትሬ» ወይም «ፎርሙላ» ካለ ግን 25 ፐርሰንት ይበቃዋል። «ዊዝ ቢፍ»፣ ማለትም «ከበሬ ጋር»፣ ካለ 3 ፐርሰንት። አዎ፣ ሦስት። «ቢፍ ፍሌቨር» ካለ ቁጥርም የለው፤ ጣዕሙ ከታወቀ በቂ ነው። በሬው በዚያ መንገድ አልፎ ነበር ማለት ነው። የእኔ ጣሳ «ዊዝ ቢፍ» ነበር። «ዊዝ» የምትለዋ ከበሬው ጭራ አትበልጥም።

የዝርዝሩ ቅደም ተከተል ደግሞ በክብደት ነው፤ ያውም ሥጋው ከነውሃው ተመዝኖ። ጥሬ ዶሮ ሁለት ሦስተኛው ያህል ውሃ ነው። ስለዚህ «ዶሮ አንደኛ ነው» ማለት ብቻውን አያኮራም። ከኋላው ደረቅ ግሉተን ወይም ዱቄት ከተሰለፈ ፕሮቲኑ ከየት እንደመጣ ተጠራጠሪ። ሩዝን በሦስት ስም ከፋፍለው ወደ ታች የሚያወርዱትም አሉ፤ ሩዝ፣ የሩዝ ዱቄት፣ የተሰበረ ሩዝ። ደምሪያቸው። መረቅ ያለበት ጣሳ ላይ ውሃ አንደኛ መሆኑ ግን የተለመደ ነው፤ አትሸበሪ።

ባይፕሮዳክት ያልሽው፦ እዚህ ላይ ትንሽ እንሳቅ። ሕጉ የሚለው ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ጣፊያ፣ ደም፣ የተጸዳ ጨጓራና አንጀት ነው። ፀጉር፣ ቀንድ፣ ጥርስና ሰኮና አይገባም። ዱለት አዝዘን ጣታችንን የምንልስ ሰዎች በዚህ ልንጸየፍ? ፈረንጁ የማይበላውን ነው «ተረፈ» ያለው። ጉበት እንዲያውም በቫይታሚን ከጡንቻው ሥጋ ይበልጣል። እኔን የሚያሳስበኝ የእንስሳው ስም ሲጠፋ ነው። «የዶሮ ጉበት» ወይም «የበሬ ሳንባ» ካለ ጥሩ። «ሚት ባይፕሮዳክት» ብቻ ካለ በሬ ይሁን አሳማ ይሁን በግ አታውቂም። ነገ ልጁ ማከክ ቢጀምር ምኑን ትከለክዪዋለሽ?

የፕሮቲን ቁጥርንም ቢሆን እንደ ወንጌል አትያዢው። ላብራቶሪው የሚለካው ናይትሮጅንን ነው፤ ያንን በ6.25 አባዝቶ «ፕሮቲን» ይለዋል። በ2007 መጋቢት አካባቢ ሜኑ ፉድስ የተባለው የካናዳ አምራች ከ60 ሚሊዮን በላይ ጣሳና ከረጢት ከገበያ የሰበሰበው በዚሁ ቀዳዳ በገባ ማጭበርበር ነው። ከቻይና የገባ የስንዴ ግሉተን ውስጥ ሜላሚን ተገኘ። ሜላሚን ለፕላስቲክ ሥራ የሚውል ኬሚካል ነው፤ ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ መለኪያው ላይ ፕሮቲን መስሎ ይታያል። አብሮት ከነበረ ሌላ ኬሚካል ጋር ኩላሊት ውስጥ ጠጠር እየሠራ ስንቱን ውሻና ድመት ገደለ። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቋል። እኔ ግን ጣሳውን ከመጣሌ በፊት ሥሩ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ምርት ሲሰበሰብ የሚጠሩት ያንን ቁጥር ነው፤ ጣሳው ቆሻሻ ውስጥ ከገባ በኋላ ከየት ታመጪዋለሽ?

ዋጋን በጣሳ ሳይሆን በካሎሪ አስዪው። አንዱ ጣሳ 3 ዶላር ሆኖ 380 ካሎሪ አለው እንበል። ሌላው 2 ዶላር ከ50 ሆኖ 280። ርካሽ የሚመስለው ሁለተኛው ነው። ለ100 ካሎሪ ሲሰላ ግን አንደኛው 79 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 89 ሳንቲም ነው። ካሎሪው ሌብሉ ላይ አለ። ደግሞ «ፕሪሚየም» ለሚል ቃል ብቻ ብለሽ አትጨምሪ። ከሌላው የተሻለ ነገር ማስገባት አለበት የሚል ሕግ የለም።

ወጥ ስጪው ላሉሽ፦ ትልቁ ችግር በርበሬው አይደለም። ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ቢበስልም ቢደርቅም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የዶሮ ወጡን አጥንትም ቢሆን አትስጪው፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ድሮ ሰፈር ውስጥ ይበላ የነበረ ውሻ ስንት ዓመት እንደኖረ ማንም አልቆጠረለትም።

ከደረቁ ወደ ጣሳ ስታዞሪው በአንድ ቀን አታድርጊው፤ ሆዱ ይለቃል። በሳምንት ውስጥ ቀስ እያልሽ አንዱን ቀንሺ፣ ሌላውን ጨምሪ። የተረፈውን ከድነሽ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢ፤ እኔ ከሦስተኛው ቀን አላሳልፈውም። ከፍሪጅ ወጥቶ ቀዝቃዛ ከሆነበት ዳማ እንኳን ፊቱን ያዞር ነበር። ትንሽ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ ሽታው ሲነሳ ይመጣል።

ደረቁን ለምን እንደጠላው ግን ጥርሱን አሳዪለት። ከመጠለያ የመጣ ውሻ ድዱ ታሞ ከሆነ የሚያመው ማኘኩ ነው፤ ጣሳ መምረጥ ብቻ አይፈታውም።

የገዛሽውን ጣሳ ፎቶ ብትለጥፊው አብረን እናየዋለን። የፊቱን ተዪው፣ የጀርባውን አንሺ። ጽሑፉ ስለሚደበዝዝ ጠጋ ብለሽ።