ያቺ ጠቅ ጠቅ የምትል ድምፅ

ልጆች፣ ሰሞኑን የወጣቶች ባንድ ልምምድ ላይ ተቀምጬ ነበር። ፍሬንች ሆርን፣ ያንን ክብ ሆኖ የተጠቀለለ የናስ ጥሩምባ፣ የያዘችው ልጅ ትንፋሿም ጆሮዋም ሸጋ ነው። ዝግ ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ከዜማው በላይ የሚሰማው ጠቅ ጠቅ ነው፤ ጀርባዋ ሰው ታይፕ የሚመታ ይመስላል። በእረፍት ጠጋ አልኩና "የኔ ልጅ፣ ዘይት ታደርጊለታለሽ?" አልኳት። "ኧረ በየቀኑ ጋሼ!" ብላ ጠርሙሱን አሳየችኝ። ለትራምፔት ፒስተን የሚሆን፣ እንደ ውሃ የቀጠነ ዘይት። ሁሉም ቦታ የምታንጠባጥበው እሱን ነው።

አልፈረድኩባትም። እኔ በሷ ዕድሜ የባሰ ሠርቻለሁ፣ እመጣበታለሁ።

ባለፒስተን ትራምፔት የምትነፉ ዕድለኞች ናችሁ። ጣታችሁ በቀጥታ ፒስተኑን ይጫናል፣ አለቀ። ሆርን ላይ ያለው ሮታሪ ቫልቭ (ትንፋሹን ወደ ተጨማሪ ቱቦ የሚያዞረው በር)፣ ዮሴፍ ሪድል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1835 ቪየና ውስጥ ያስመዘገበው ዓይነት፣ ወደ ታች አይወርድም። ሩብ ዙር ይዞራል። ስለዚህ የጣትን ግፊት ወደ መዞር የሚለውጥ ትንሽ ክንድ አለው። የክንዱ መገጣጠሚያ እንደ ትከሻችን ነው፤ ኳስ ጎድጓዳ ውስጥ ይንከባለላል። ድርብ ሆርን፣ ሁለት ሆርን በአንድ የተጣመረበት ማለት ነው፣ አራት ቫልቭ አለው፣ መገጣጠሚያዎቹን እናንተ ቁጠሯቸው። ጠቅ ጠቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

የቫልቩ ውስጥ በጣም ጠባብ ስለሆነ ቀጭን ዘይት ይፈልጋል። መገጣጠሚያው ግን በሥራ ብዛት ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል። ቀጭን ዘይት እዚያ አይቆምም፣ ይፈስና ብረት ከብረት ይማታል። ወፍራሙ ተቀምጦ መሐላቸው ትራስ ይሆናል። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ደግሞ መካከለኛውን ይወዳል፤ የቫልቩን ክዳን በእጃችሁ ፈትታችሁ መሐሉ ላይ አንድ ጠብታ፣ በወዲያኛው በኩል በክንዱ ሥር ሌላ ጠብታ።

አንድ ጠብታ ስል አንድ ማለቴ ነው። አፉ መርፌ የሆነ ጠርሙስ ያዙ፣ ነጥቡ ላይ አሳርፉ፣ መጫኛውን ደጋግማችሁ ጫን ለቀቅ አድርጉ፣ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ። ትርፍ ዘይት አቧራ ይጠራል፣ የአዲስ አበባን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቫልቩን የሚያቆመው ጎማ ላይም እንዳይደርስ፣ ያብጣል። ክንዱ በክር የሚሠራ ከሆነ ክሩን ዘይት አታስነኩት። ክር ይቀየራል እንጂ አይቀባም።

አሁን የኔን ጉድ ልንገራችሁ። በአንድ ባንድ ጀማሪ ሳለሁ ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛዬ የሞተር ዘይት በብልቃጥ ሰጠኝ። መገጣጠሚያው ላይ ባደርገው ድምፁ ጭጭ አለ። ጎበዝ ነኝ አልኩ። እንግዲያማ ብዬ ቫልቩም ውስጥ ጨመርኩት። በማግስቱ የጥር ጠዋት ነው፣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ እኛ ሰልፍ ላይ ነን። ሁለተኛውን ቫልቭ ተጫንኩት። ወረደ። አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ቫልቭ ሳይጫን በክፍት የሚነፋው ሁሉ ግማሽ ቶን ዝቅ ብሎ ወጣ፤ እኔም እየሰማሁ እነፋለሁ። አለቃችን ምንም አልተናገሩም። ሰልፉ ሲያልቅ ሆርኑን ተቀበሉኝ፣ ቱቦውን መዘዝ አድርገው አሸተቱትና "ይሄ መኪና ነው እንዴ?" አሉ። ፈትተን ስናጥብ ሦስት ቀን ፈጀብን።

የዚያችን ልጅ ሆርን ተቀብዬ ከኪሴ ወፍራሙን አወጣሁ። መገጣጠሚያዎቹ ላይ አንድ አንድ ጠብታ። ያንኑ ዝግ ያለ ቦታ ደግማ ነፋችው። የሦስቱ ቫልቮች ድምፅ ጠፋ። አራተኛው፣ የአውራ ጣቱ፣ አሁንም ጠቅ ይላል። ኳሱ ሞላላ እስኪሆን ተበልቷል፣ ዘይት አይመልሰውም። ሐሙስ ይዛልኝ ትመጣለች።