ከመተርኮሻው ሥር የቀረችው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ወደ ጃፓን የሚሄድ አንድ ወጣት መሐንዲስ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ስለ ብርዱና ስለ ቤት ኪራዩ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጋሼ፣ ካራኦኬ ቤት ይዘውኝ ሲሄዱ የሚያስደንቃቸው ረጅም የጃፓን ዘፈን ከአሁኑ ላጥና ብዬ ነው፤ የትኛውን ልምረጥ?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ዝም ብዬ ቆየሁና «እጽፍልሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው፤ በእሱ መንገድ ለምትሄዱት ሌሎችም ይሁን። ስለ ሰዓት አክባሪነትና ስለ ጫማ ማውለቅ አልነግራችሁም፤ ያንን ማንም ይነግራችኋል።

እኔ የተማርኩት ኮቤ ነው። በቤተ ሙከራችን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው አንድ ቴክኒሺያን ነበሩ። ኮንክሪት ሲቦካ ድምፁን ሰምተው ብቻ «ውሃ በዝቶበታል» የሚሉ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎቼ አየር ይዘው በተበላሹብኝ ቀን አልተቆጡኝም። የብረት ዘንጉን ከእጄ ወስደው ቅርጹ ውስጥ እንዴት እንደሚወጋ አሳዩኝ፤ ከዚያም ዘንጉን መልሰው ሰጡኝ። ብዙ አይናገሩም። ጃፓንኛ ስሳሳት ሌሎቹ ይስቁ ነበር፤ እርሳቸው ግን ልክ የሆነውን አነጋገር ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ቀስ ብለው ይደግሙታል፤ እኔም እሰማለሁ። ዛሬ የምናገረው ጃፓንኛ ግማሹ የእርሳቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 የቤተ ሙከራው ሰዎች ቦነንካይ ወጣን፤ ዓመቱን የመርሻ ግብዣ ማለት ነው። ከእራት በኋላ ሳንኖሚያ ውስጥ አንድ ካራኦኬ ቤት ገብተን ለሁለት ሰዓት ክፍል ተከራየን። ዘጠኝ ነበርን። ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ ለጋ አኩሪ አተር፣ ባለ ቃጭል አታሞ፣ መተርኮሻ፣ እንደ ስልክ ማውጫ የወፈረ የዘፈን ካታሎግ ነበረ። ያኔ እንደ ዛሬው በስክሪን መነካካት የለም። ከካታሎጉ የዘፈኑን ቁጥር ፈልገህ በብጣሽ ወረቀት ትጽፋለህ፤ መሣሪያው አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ተራህን ጠብቆ ያስገባልሃል።

እኔ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ዘፋኙ ሳዳ ማሳሺ በ1979 ያወጣውን፣ ከ12 ደቂቃ በላይ የሚወስደውን «ኦያጂ ኖ ኢቺባን ናጋይ ሂ» ለሦስት ወር አጥንቼዋለሁ። «የአባቴ እጅግ ረጅሙ ቀን» እንደማለት ነው። ወንድም የእህቱን ታሪክ ከተወለደችበት ቀን እስከ ሠርጓ ይተርካል። ሊያገባት የመጣው ወጣት ሲጠይቅ አባት ልጁን ለመስጠት ይስማማል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ልምታህ ይለዋል። እኛ አገር ለሽምግልና የሄደ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይንቦጫቦጫል። ቃላቱን በግዕዝ ፊደል ጽፌ መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጃፓንኛህ ጥሩ ነው» ስባል ኖሬያለሁ፤ ለእንግዳ የሚሰጥ ምስጋና መሆኑ ይገባኝ ስለነበር የምር እንዲደነቁ ፈለግሁ።

ወረቀቴን ሳቀብል የቀረን ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ነበር። አዛውንቱ ቴክኒሺያን ማታውን ሙሉ አልዘፈኑም። አታሞውን ጭናቸው ላይ አድርገው ለሌላው ሰው በቀስታ ይመታሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ካታሎጉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሲያገላብጡ አይቻቸዋለሁ፤ አዎ፣ አይቻቸዋለሁ። በብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉና ለልጁ ሊያቀብሉ እጃቸውን ሲዘረጉ የእኔ ዘፈን ጀመረ። እጃቸውን መለሱ።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ስደርስ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አሥር ደቂቃ ሲቀር የሚደወል ነው። ልጁ አነሣውና መናገሪያውን በመዳፉ ሸፍኖ አየኝ። ዘፈኑን ማቆሚያው ቁልፍ ከጉልበቴ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ልጁ ወደ አዛውንቱ ዞረ፤ እርሳቸው «ተወው፣ ይዝፈን» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩና ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻዋ ቃል ዘፈንኩት። አጨበጨቡልኝ፤ አንዷ ተማሪ አለቀሰች። ሰዓት እንዲጨመርልን ብንጠይቅ የዓመት መጨረሻ ስለሆነ ኮሪደሩ በተራ ጠባቂ ሞልቷል፣ አይቻልም ተባልን። አዛውንቱ ኮታቸውን እየለበሱ «ማታ ኮንዶ» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ማለት ነው። ወረቀታቸውን አጥፈው ከመተርኮሻው ሥር አድርገዋት ነበር። ጠረጴዛውን ሳነሣ አገኘኋትና ሳላስብ ኪሴ ከተትኳት።

እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 ከንጋቱ 5:46 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11:46 መሆኑ ነው፣ ኮቤ በምድር መንቀጥቀጥ ተመታች። ከ6 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። በማግስቱ ከሰፈሬ ወጥቼ በእግሬ ስሄድ በምሰሶ ላይ የቆመው የሃንሺን ፈጣን መንገድ በጎኑ ተጋድሞ አየሁት። ሙያዬን ዕድሜዬን ሙሉ በፍርሃት የያዝኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፤ ስለዚያ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። የዘፈንበት ቤት ያለበት ሕንፃ ተሰንጥቆ በኋላ ፈረሰ። የአዛውንቱም ቤት ፈረሰ፤ እርሳቸውና ባለቤታቸው ደኅና ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዱ። ወደ ቤተ ሙከራው አልተመለሱም።

ወረቀቷን ያስታወስኩት ከሳምንታት በኋላ፣ ያንኑ ኮት ስለብስ ነው። በእርሳስ የተጻፈ አራት አሃዝ አለባት። ከጎኑ ደግሞ «-2» ተጽፏል። የመሣሪያውን የዜማ ከፍታ በሁለት ደረጃ ዝቅ አድርግልኝ ማለት ነው። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ዘፈኑን የሚያውቅ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ የት እንደሚሰበር ያውቃል። ብዙ ጊዜ ዘፍኖታል፣ ወይም ብቻውን ተለማምዶታል። እኔ ሦስት ወር እንደተዘጋጀሁ ሁሉ እርሳቸውም ተዘጋጅተው መጥተው ነበር።

ዘፈኑን ፈለግሁት። የካታሎግ ቁጥር ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የዚያ ቤት መሣሪያ የማን ሥራ እንደነበረ አላስታወስኩም። ኦሳካ ሄጄ ሁለት ቤት ገብቼ ሞከርኩ። በአንዱ የሕፃናት መዝሙር መጣ፤ በሌላው የወጣት ሴቶች የዳንስ ዘፈን። አገሬ ከገባሁ በኋላ አንድ ዓመት አዛውንቱ የአዲስ ዓመት ካርድ ላኩልኝ፤ የጻፉት ስለ ጤናዬ ነው። መልስ ስጽፍ ስለ ዘፈኑ ልጠይቃቸው ብዬ አፈርኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካርዱ ቀረ።

የካራኦኬን መሣሪያ በ1971 እዚያው ኮቤ የሠራው ኢኖዌ ዳይሱኬ የመጠጥ ቤት ሙዚቀኛ ነበር። አንድ ደንበኛው በጉዞ ላይ እንዲያጅበው ቢለምነው መሄድ ስላልቻለ የአጃቢውን ሙዚቃ ብቻ ቀድቶ ሰጠው፤ ነገሩ የመጣው ከዚያ ነው። ከመነሻው ለሌላ ሰው ድምፅ ቦታ ለመልቀቅ የተሠራ ዕቃ ነው። በእኛ አዝማሪ ቤት ዘፈን የሚረዝመው አዝማሪው «ተቀበል» እየተባለ ከታዳሚው ግጥም ሲቀበል ነው፤ ርዝመቱ የሁሉም ነው። ስክሪን ግን ከማንም አይቀበልም። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሌላው ሲዘፍን ስልካችሁ ላይ ናችሁ፤ ለመዝፈን እንጂ ለመስማት የምትሄዱ አትመስሉም። ይህን ማየት ያመኛል።

እንግዲህ ልጄ፣ ረጅም ዘፈን ተው ልልህ ነበር። ግን ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ጃፓንኛ ያስተማረኝ ያ የ12 ደቂቃ ዘፈን ነው፤ ስለዚህ አጥና። የሳዳን አጥና። ወይም ኡኤሙራ ካና በ2010 ስለ አያቷ የዘፈነችውን፣ 10 ደቂቃ የሚጠጋውን «ቶይሬ ኖ ካሚሳማ» ያዝ፤ ቋንቋው የቤት ቋንቋ ነው፣ ይገባሃል። የሚናሚ ሃሩዎ የ1964ቱ «ታዋራቦሺ ገንባ» ከ8 ደቂቃ በላይ እየተዘፈነም እየተተረከም የሚሄድ የጦር አዋቂ ታሪክ ነው፤ የእኛን ፉከራ የሰማ ደረት ይወደዋል፣ ግን አንደበትህ እስኪፈታ ቆይ። የሮክ ባንዱን የኤክስ ጃፓንን የ29 ደቂቃ «አርት ኦፍ ላይፍ» አልመክርህም። እነዚህን ብቻህን ዝፈናቸው፤ ቀን ላይ ክፍል ርካሽ ነው፣ ብቻውን የሚሄድም ሞልቷል፣ «ሂቶካራ» ይሉታል። ሰው ፊት ስትሆን አጭር ኤንካ ያዝ፤ የጃፓን የትካዜና የናፍቆት ዘፈን ነው። አብዛኛው ኤንካ የሚሄድባቸው አምስት ድምፆች የእኛ ትዝታ የሚሄድባቸው ናቸው፤ ጆሮህ በአንድ ቀን ይይዘዋል። ማይክሮፎኑን ከማንሣትህ በፊት ማን እንዳልዘፈነ ክፍሉን ዞር ብለህ እይ።

ኮቤ ስትደርስ ደግሞ አንድ ነገር ለምኜሃለሁ። በአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ወይም በአንዲት ትንሽ መጠጥ ቤት መደርደሪያ ላይ የ1994 የካራኦኬ ካታሎግ ካጋጠመህ፣ የማንም አምራች ይሁን፣ 3072 ቁጥርን ተመልከትልኝ። ወንድ አዛውንት፣ ዜማውን በሁለት ደረጃ ዝቅ አድርጎ ሊዘፍነው የሚችል ከሆነ ርዕሱን ጻፍልኝ።