መልስ፦ ከቡዳፔስት ወጣ ብሎ የሚታይ የድሮ መንደር

ሰላም ወንድሜ፣ ከቡዳፔስት ወጣ ብዬ የማየው የድሮ መንደርና መታሰቢያ አለ ወይ ብለሃል። ሆሎኮ ሂድ! በስተሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1987 መዝግቦታል፣ ያውም ሰው እየኖረበት።

ፎቶ ብቻ አንስተህ እንዳታልፍ። በ1909 እሳት ተነስቶ መንደሩን ክፉኛ አቃጠለው፤ ፓሎጽ የሚባሉት የአካባቢው ገበሬዎች ግን በአያቶቻቸው አሠራር፣ ከሥር ድንጋይ ከላይ የጭቃ ጡብ አድርገው፣ ኖራ ቀብተው መልሰው ሠሩት። ጣሪያውን ግን እሳት እንዳይበላው በሸክላ ከደኑት። ጠጋ ብለህ የበረንዳውን ጣውላ እየው፤ ተፈልፍሎ ተፈልፍሎ የቀሚስ ጥለት መስሏል። መሃል ላይ የእንጨት ማማ ያላት ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ በ1889 የተሠራች። ትንሽዬ ናት፣ እኔ ግን ከትልልቆቹ አስበልጬ ነው የምወዳት። ኮረብታው ላይ ያለው ግንብ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

መታሰቢያውን በተመለከተ፣ ሩቅ ቢሆንም ሳትማርቼኬ በምትባል መንደር ያለው መካነ መቃብር ነው። መንደሯ የሃንጋሪ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ናት። መቃብሩ ላይ የቆመው ድንጋይ ሳይሆን በቁሙ የተተከለ ጀልባ የመሰለ ጥቁር እንጨት ነው። የሃንጋሪን ብሔራዊ መዝሙር የጻፈው ፌሬንጽ ኮልቼይም እዚያው ነው የተቀበረው።