ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ማድያቱ፣ ተቀላቅሎ የተሰጠኝ ቅባትና የልጄ ሠርግ

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። 48 ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ቀፊራ ጨርቅ እሸጣለሁ። የወር አበባዬ ከቀረ ሰባት ወር ሆነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማድያት ወጣብኝ፣ ፊቴ ደረቀ፣ አገጬ ላይ ፀጉር በቀለ። አንዲት የኮስሞቲክስ ነጋዴ ሦስት አራት ዓይነት ቀላቅላ በብልቃጥ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ወላሂ ጥርት አደረገኝ። አሁን ግን አንድ ቀን ካልተቀባሁ ፊቴ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ማድያቱ ደግሞ ከበፊቱ ብሷል። የባለቤቴ እህት ሰው መሀል «አቦ ምነው እንዲህ አረጀሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ መነሳት ትቻለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ልጄን እድራለሁ። እስከዚያ የሚያደርሰኝ ጠንከር ያለ ነገር ካለ ንገሩኝ። ስሜ ይቅር።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። በሦስት ወር ማድያትን ሙልጭ አድርጎ የሚያጠፋ ነገር የለም። አለኝ የሚልሽ ሰው ቢመጣ የሚሸጥልሽ ያንኑ ፊትሽን ያቃጠለውን ዓይነት ነው። ግን በሦስት ወር ውስጥ ማቃጠሉ ሊበርድልሽ፣ ቅላቱ ሊቀንስ፣ ማድያቱም መደብዘዝ ሊጀምር ይችላል። ለዚህ ደግሞ ፊትሽ ላይ ከምትጨምሪው ይልቅ የምታነሽው ነገር ይበልጣል።

ስለ ብልቃጡ እናውራ። እንዲህ ዓይነቱን ብልቃጥ ታካሚዎች ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡት አየዋለሁ። ስም የለውም፣ የተመረተበት ቀን የለውም። ሙቀቱ አቅልጦት ዘይቱ ከላይ ተንሳፏል፣ ከሥር ቢጫ ነገር ረግቷል፣ ሽታው እንዳይታወቅ ሽቶ ተጨምሮበታል። ውስጡ ምን እንዳለ የቀላቀለችውም ሴት በሙሉ ላታውቀው ትችላለች። ከነገርሽኝ ምልክት ተነስቼ ግን አንዱን እገምታለሁ፤ ስቴሮይድ ነው።

ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት ስቴሮይዶች በራሳቸው መጥፎ መድኃኒቶች አይደሉም። ለችፌና ለመሳሰለው የቆዳ ችግር ለአጭር ጊዜ እናዛቸዋለን። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ነው ጉዱ የሚመጣው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳውን ያነጡታል፣ ያለሰልሱታል፣ ሰውም «ምን ተቀባሽ?» እያለ ይጠይቃል። ከዚያ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየሳሳ ይሄዳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፣ ብጉር የመሰለ ሽፍታ ይወጣል። «ካልተቀባሁ ያቃጥለኛል» ያልሽው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ፊትሽ ቅባቱን ለምዶታል። ስታቆሚ የሚቀላውና የሚለበልበው የድሮው ችግርሽ ተመልሶ መሰለሽ እንጂ፣ ቅባቱ ራሱ ያመጣው ነው። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ተሸንፈው ወደ ብልቃጡ ይመለሳሉ። እኔ ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ፤ ሰውነት ሊላቀቀው ሲሞክር ሰው ፈርቶ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው የምጠረጥረው ሃይድሮኪኖን ነው። ሐኪም ለክቶና ጊዜ ገድቦ ሲሰጠው ለማድያት ጥሩ መድኃኒት ነው። ሳይለኩ ለዓመታት ሲቀቡት ግን ቆዳውን ተገላቢጦሽ ሰማያዊ በቀላቀለ ጥቁረት ያጠቁረዋል። ይህ ጉዳት በደንብ የታወቀው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፣ በ1975 እ.ኤ.አ. ማንጫ ቅባት ይጠቀሙ በነበሩ ጥቁር ሴቶች ላይ። አገሪቱም በ1990 እ.ኤ.አ. ከኮስሞቲክስ ውስጥ አገደችው። እንዲህ የጠቆረውን ቆዳ መመለስ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ «ባሰብኝ» ብለሽ ደጋግመሽ መቀባት የባሰውን ያመጣል።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ቆዳን ለማንጣት እስካሁን በድብቅ ይጨመራል። የሚናማታ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገሮች ሜርኩሪ ያለበት ኮስሞቲክስ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ጨርሶ እንዲቀር የወሰኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ሽንትሽ አረፋ ከበዛበት፣ እግርሽ ወይም ፊትሽ ካበጠ፣ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ፣ ሳትቆዪ ሂጂ። ደግሞ በፎጣና በትራስ ልብስ ወደ ቤተሰብ ይተላለፋል፤ ትንንሽ ልጆች ቤት ካሉ ሳይጠይቅሽ ለሐኪሙ ንገሪው።

እና ምን ላድርግ? ፊትሽ ላይ ብቻ ከሆነ የምትቀቢው ከዛሬ ጀምረሽ አቁሚ፣ በዚህ ሳምንትም ሐኪም ጋ ድረሺ። ቅላቱና ማቃጠሉ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሐኪሙ የሚያስታግስ ነገር ይሰጥሻል። ግን ሰውነትሽን በሙሉ ትቀቢው ከነበረ በራስሽ ድንገት አታቁሚ፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ሰውነት ስቴሮይዱን ለምዶ ከሆነ በድንገት ሲቀርበት ድካም፣ ማስመለስና የደም ግፊት መውረድ ሊያመጣ ይችላል። ብልቃጡን አትጣይው፣ በፌስታል ቋጥረሽ ይዘሽው ሂጂ። እሳት ውስጥ እንዳትጨምሪው ደግሞ፣ ሜርኩሪ ካለበት ይተናል።

አሁን ወደ ማድያቱ። የጉበት በሽታ ምልክት ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አይደለም። ቆዳን የሚያቀልሙት ሴሎች በብርሃን፣ በሆርሞንና በዘር ምክንያት ከልክ በላይ ሲሠሩ የሚመጣ ነው። በዚህ ዕድሜ ሆርሞንሽ ይዋዥቃል። የወሊድ መከላከያ ክኒን፣ መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረውን ትጠቀሚ ከነበረም ሊያባብሰው ስለሚችል ተናገሪ።

ድርቀቱም ከዚሁ ይመጣል። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ ቆዳ እርጥበቱን ያጣል፤ ካረጡ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። የአገጩ ፀጉርም በዚሁ የሆርሞን ለውጥ ነው። በመቀስ ቁረጪው ወይም በጥንቃቄ ላጪው። መላጨት ያበዛዋል የሚባለው እውነት አይደለም።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። የወር አበባ ሰባት ወር ስለቀረ አርጠሻል ማለት አይደለም፤ 12 ወር ሙሉ ሲጠፋ ነው ማረጥ የምንለው። ስለዚህ የፊት መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት የእርግዝና ምርመራ ይደረግልሽ። አትሳቂ፣ ያጋጥማል። አንድ ዓመት ሙሉ ከጠፋ በኋላ ደም ቢመለስ ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ መታየት አለብሽ።

ማድያትን ዋና የሚያጠቁረው ብርሃን ነው፣ ሙቀትም ያግዘዋል። ድሬ ሁለቱም ሞልቷል። ሐረር ያላችሁ አንባቢዎችም ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1200 ሜትር ነው፣ ሐረር ደግሞ ከ1800 ሜትር በላይ፤ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ነፋሱ ሲቀዘቅዝለት «እፎይ» የሚል ሰው ቆዳው ላይ የሚያርፈው ጨረር በርትቷል ማለት ነው።

እንደኛ ዓይነት ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ማድያት ያጠቁራል። ስለዚህ ነጩ የፀሐይ መከላከያ ብቻውን አይበቃሽም። የቆዳ ቀለም ያለውን፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበትን ፈልጊ። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። መጠኑ በሁለት ጣትሽ ርዝመት ተጨምቆ ፊትና አንገት ላይ ነው፤ ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ሁሌ መግዛት ካልቻልሽ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ በጥላና በሻሽ ሽሺው። ቀፊራ ላይ ከሸራው ሥር ብትቀመጪም ፊትሽን ወደ መንገዱ ካደረግሽ ብርሃኑ ያገኝሻል፤ ዕቃሽን አዙረሽ ወደ ውስጥ ተቀመጪ። ባጃጅ ስትሳፈሪም ፀሐይ በማያገኝሽ ጎን ሁኚ። ከሰል ላይ አጎንብሶ መቆየትም ይቀነስ።

ስለ ውሃውም ልበልሽ። ድሬ ሁለት ሦስቴ ሳይታጠቡ መዋል ይከብዳል። የድሬ ውሃ ግን ማዕድን ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት አይተሽው የለ? እንዲህ ያለ ውሃ ሳሙናን በደንብ አያስለቅቅም፣ ቆዳ ላይ ይቀርና ያደርቃል። ስለዚህ ብትታጠቢም ሳሙና በቀን አንዴ ይብቃሽ፣ ሽታው ኃይለኛ ያልሆነ። ፊትሽን በፎጣ አትፈግፍጊው። ገና እርጥብ እያለ ቫዝሊን በስሱ፣ ወይም ሽቶ የሌለው ቅባት አድርጊ።

ከቁርቁራ ቅጠል የሚዘጋጀውን ቀሲል ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጤነኛ ቆዳ ላይ እንደ መታጠቢያ ችግር የለብኝም። አንቺ ግን ፊትሽ እስኪረጋጋ ተዪው። ሎሚ ግን ፈጽሞ! ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ የተቃጠለውም ቦታ ጠቁሮ ይቀራል።

ፊትሽ ሲረጋጋ ሐኪሙ አዜላይክ አሲድ፣ ትሬቲኖይን ወይም በጊዜ የተገደበ ሃይድሮኪኖን ሊያዝልሽ ይችላል። በአፍ የሚወሰድ ትራኔክሳሚክ አሲድም አለ፤ ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ግን አይሆንሽም፣ ከፋርማሲ በራስሽ አትግዢው። ሁሉም ወራት ይወስዳሉ፣ ብርሃኑን ካልተከላከልሽ ደግሞ ማድያቱ ይመለሳል። በየወሩ አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ክንድሽን ዘርግተሽ አንድ ፎቶ አንሺ። ለማንም አታሳዪው፣ ለሐኪሙ ብቻ። በየቀኑ መስታወት ላይ የማይታየው ለውጥ እዚያ ላይ ይታያል። ስልክን አፍንጫ ስር አስጠግቶ መነሳት ደግሞ ፊትን ያዛባል፣ በሱ እንዳትፈርጂ።

ስለ ባልሽ እህት ንግግር። በጨዋታ መልክ ቢመጣም ይወጋል። ደግሞ በዚህ ዕድሜ የሚወጋው በባዶ ሜዳ አይደለም፤ ሌሊት ላብ እያጠመቀሽ ካልተኛሽ፣ ሆርሞኑ ከተዋዠቀ፣ ልጅ ከቤት ልትወጣ ከሆነ፣ አንዲት ቃል ሳምንት ትከርማለች። መልኬ ተለወጠ ብሎ ማዘን ቅንጦት አይደለም፣ ክሊኒክ ውስጥም ሊነገር የሚገባ ነገር ነው። ለእሷ «ሕክምና ላይ ነኝ፣ ስለ ፊቴ አታንሺብኝ» በያት፣ ማብራሪያ የለ፣ ይቅርታ የለ። ለባለቤትሽ ደግሞ ሁሉንም ንገሪው፣ ብልቃጡንም ጭምር። ብዙ ሴቶች ቅባቱን ከባላቸው ደብቀው ነው የሚሰቃዩት። ይኼ ሁሉ ሆኖ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስደስትሽ ነገር ከጠፋ፣ ሱቅ መክፈት ካስጠላሽ፣ መኖር ከሰለቸሽ፣ ድብርት ሊሆን ይችላል። በማረጫው አካባቢ ያሉ ዓመታት ለድብርት ያጋልጣሉ፣ ሕክምናም አለው። ከቆዳው እኩል ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው።

ይህን ለምታነቡ ሌሎችም፦ አንገት ዙሪያ እንደ ከፋይ የወፈረ ጥቁረት ካለ ስኳር ተመርመሩ። ነጣ ብሎ ስሜት የሌለው ቦታ ካለ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ ነፃ ነው። የእግር መዳፍ ላይ ወይም ጥፍር ሥር እያደገ የሚሄድ ጥቁር ምልክት ካለ አትጠብቁ። ቦብ ማርሊን በ1981 እ.ኤ.አ. የገደለው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የጀመረ የቆዳ ካንሰር ነው፤ ጥቁር ቆዳን አይነካም የሚባለው ስህተት ነው። ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄዳችሁ ቆዳ ሐኪም ጋ ሪፈር ጠይቁ።

ለሠርጉ፦ ከአሁን ጀምሮ ፌሻል፣ እንፋሎት፣ የሚልጥ ነገር፣ ሌዘር የለም። ሜካፕ ትችያለሽ፣ ፊትሽ ከበረደ በኋላ። ሜካፕ ሠሪዋ የምትጠቀመውን ከሁለት ቀን በፊት ጆሮሽ ሥር ትንሽ ትሞክርልሽ፣ የራሷን ማንጫ ግን ከሥር እንዳትቀባሽ። ሂናውም ላይ ተጠንቀቂ። ቶሎ ጥቁር የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ ውስጡ ያለው ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ቆዳን አቁስሎ ውሃ ያስቋጥራል። አንዴ ከተቆጣ ከዚያ በኋላ የፀጉር ቀለም በተቀባሽ ቁጥር ይመለሳል። ቅጠሉ ብቻ ተፈጭቶ የተዘጋጀውን ቀዩን ምረጪ፣ ለሙሽራዋም እንደዚሁ ንገሪያት።